አፍ መፍቻ በ1,200 ብር፦ የፒያሳው ስፖክን ክፍል እንዴት ነው?

ስንቶቻችሁ ጠየቃችሁኝ፣ ይኸው ልጻፈው። እንግሊዝኛ መናገር በሚያስተምረው በዚህ ስፖክን ክፍል ሦስት ወር ተምሬያለሁ። በወር 1,200 ብር ነው። መመዝገቢያ 200 ብር ይከፈላል፤ «ሞጁል» ተብላ የምትሸጠዋ ፎቶኮፒ ደግሞ 150 ብር ናት (የመጨረሻዎቹ አምስት ገጾች አይነበቡም፣ ቀለም አልቆባቸው ነው መሰለኝ)። ስሙን አልጠራም። ማስታወቂያ እንዲመስል አልፈልግም፤ የማማርረውም ነገር ስላለኝ ስም ማጥፋት እንዲመስል አልፈልግም። ጎንደር ፒያሳ ነው፣ ሦስተኛ ፎቅ፣ ከሥሩ ጁስ ቤት አለ። ፒያሳ ላይ ከሥሩ ጁስ ቤት የሌለው ፎቅ የታል ካላችሁኝ እሱ የእናንተ ጣጣ ነው።

የማታ ክፍል ይባላል እንጂ ማታ አይደለም። ከ10 ሰዓት ተኩል እስከ 12 ሰዓት ነው። ድሮ እስከ ምሽት 2 ሰዓት ይቆይ ነበር አሉ፤ አሁን ሰው በጊዜ ቤቱ መግባት ስለሚፈልግ ወደ ቀን ሳቡት። ከመሐል ከተማ ራቅ ብሎ አዘዞ ለሚኖር ይኼም ይመሻል። እዚያው የሚኖር አንድ ልጅ ለ12 ሩብ ጉዳይ ሲሆን ቦርሳውን አንጠልጥሎ ታክሲ ፍለጋ ይወርዳል። ብዙ ጊዜ መጨረሻ ላይ ያለችው መልመጃ ታመልጠዋለች፤ እሷ ደግሞ ዋናዋ ናት።

አሁን ለምን እንደገባሁ። ሪሴፕሽን ነኝ፣ ትንሽ ሆቴል ውስጥ። እንግሊዝኛ አላውቅም ማለት አልችልም። ከ1ኛ ክፍል ጀምሮ ተምሬዋለሁ፤ ሁለተኛ ደረጃ ስገባ ባዮሎጂውም ጂኦግራፊውም በእሱ ነበር። ኢሜይል እጽፋለሁ። ግራመር ላይ እንዲያውም ሰው አርማለሁ። ችግሩ አፌ ነው። እንግዳ ፊቴ ሲቆም የማውቀው ቃል ሁሉ ጉሮሮዬ ላይ ይሰለፋል፣ አንዱም አይወጣም። አፍ ሲከዳ ከሎሌ ይብሳል የሚሉት ለኔ ነው።

መነሻውን አውቀዋለሁ። 5ኛ ክፍል እያለሁ ተነስቼ አንድ አንቀጽ እንዳነብ ታዘዝኩ። ረቡዕ የሚለው የእንግሊዝኛ ቃል ላይ ስደርስ እንደተጻፈው «ወድነስደይ» ብዬ አነበብኩት። ምን ላድርግ፣ ዲውም ኤኑም እዚያው ተሰክተዋል! መጀመሪያ መምህሩ ሳቀ። ከዚያ 60 ልጅ ሳቀ። ወድነስደይ ስሜ ሆኖ እስከ 8ኛ ክፍል ተጠራሁበት። ረቡዕ በመጣ ቁጥር የኔ በዓል ነው ብለው «እንኳን አደረሰሽ» ይሉኝ ነበር። አሁን ሳስበው እኔም እስቃለሁ። ያኔ ግን ከዚያ ቀን በኋላ እጄን አውጥቼ አላውቅም። መልሱን እያወቅኩ ዝም። የ12ኛ ክፍል ፈተና እንኳ አላስገደደኝም፤ እንግሊዝኛው ምርጫ ስለሆነ አንድ ቃል ከአፌ ሳይወጣ ማጥቆር ብቻ ነበር። አጥቁሬ አለፍኩ።

እና ከስንት ዓመት በኋላ አንዲት ስልክ ገፋችኝ። አንድ እንግዳ ደውሎ ከአውሮፕላን ማረፊያ የሚያመጣው መኪና ስንት እንደሆነ ጠየቀኝ። 15 ዶላር አልኩት። እሱ የሰማው 50 ነው። «በጣም ብዙ ነው» አለኝ። እኔ ደግሞ ለ15 ዶላር እንዲህ ከሆነ ቋጣሪ ነው ብዬ ዝም አልኩ። ዋጋውን ደግሞ ለመናገር፣ ለማስረዳት፣ ለመከራከር ሌላ እንግሊዝኛ ማውጣት ሊኖርብኝ ነው፤ ዝም ይሻላል። ሰውየው ሌላ ሆቴል ያዘ። 50 ብሎ እንደሰማ ያወቅነው በኋላ በጻፈልን ኢሜይል ነው። እንግዳ እንደዚህ ብርቅ በሆነበት ዘመን! አለቃዬ ያሉኝን እዚህ አልጽፈውም።

ልብ በሉ፣ ጥፋቱ ሁለት ነው። ቁጥሩን አበላሽቼ መጥራቴ አንድ። ግን እሱ ብቻ ቢሆን በሁለተኛው ዓረፍተ ነገር ይስተካከል ነበር። ገበያውን ያሳጣኝ ዝም ማለቴ ነው። ይኼ የገባኝ ክፍሉ ውስጥ ነው፣ ያውም ዘግይቶ።

የመጀመሪያው ቀን ግራመር አልነበረም። ቲቸር አንድ ወረቀት አደለን። 33 ዓረፍተ ነገር አለው፤ እያንዳንዱ ላይ እስማማለሁ፣ አልስማማም እያሉ ምልክት ማድረግ ነው። ኢሌን ሆርዊትዝ የምትባል የቴክሳስ ዩኒቨርሲቲ መምህርት ከባልደረቦቿ ጋር ሆና በፈረንጆች 1986 ያወጣችው ነው አለን። ሰው ቋንቋ ክፍል ውስጥ ምን ያህል እንደሚፈራ የሚለኩበት ነው፤ እሱ ወደ አማርኛ መልሶታል። ስሜ ሊጠራ ነው ብዬ ሳውቅ እንቀጠቀጣለሁ የሚል አለ። ስናገር ሌሎቹ ይስቁብኛል ብዬ እፈራለሁ የሚል አለ። እያነበብኩ ማን ነው ስለኔ የነገራት አልኩ። ቴክሳስም ያላባቸዋል ማለት ነው።

አጠገቤ የተቀመጠው የሕክምና ተማሪ ነው። ወረቀቱን በጎን ሰረቅ አድርጌ አየሁት። ሁሉም ላይ «በጣም እስማማለሁ» ብሏል። ይኼ ልጅ ጡብ የሚያህል መጽሐፍ በእንግሊዝኛ አንብቦ የሚጨርስ ልጅ ነው። ራውንድ ላይ (ሐኪሞች በሽተኞችን እየዞሩ ሲያዩ) ስለ በሽተኛው ተናገር ሲባል ግን አንደበቱ ይታሰራል፤ ከጎኑ ያለው ግማሹን የማያውቅ ጓደኛው ሞቅ አድርጎ ያወራና ጎበዝ ይባላል። «ያላነበብኩ ነው የሚመስላቸው» አለኝ። ከክፍሉ ብዙ የሚያውቀው እሱ ነው፣ ትንሽ የሚያወራውም እሱ ነው። አወቀ ማለት ተናገረ ማለት እንዳልሆነ ከሱ በላይ ማስረጃ የለኝም።

ከዚያ ካስል መጣ። ቲቸር ግንብ የሚለውን ቃል በእንግሊዝኛ ቦርዱ ላይ ጻፈና «አንብቡ» አለ። 22 ሰው በአንድ ድምፅ «ካስትል!» ብለን ጮህን። ፋሲል ግቢ ከዚያ ክፍል ቅርብ ነው፤ ግንቡ ራሱ ሳይሰማን አልቀረም። ቲዋ አትነበብም አለ። ካስል ነው። የግንብ አገር ልጆች ሆነን፣ ዩኔስኮ ግቢውን በዓለም ቅርስነት ከመዘገበበት ከፈረንጆች 1979 ጀምሮ ስንት ቱሪስት ስናስጎበኝ ኖረን፣ «ካስትል» ስንል ከርመናል። ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። ግን ያ ሳቅ ከ5ኛ ክፍሉ ሳቅ ጋር አንድ አይደለም። ሁላችንም ተሳስተን ነበርና የሚሳቅበት ሰው አልነበረም። ቲቸር ይኼን አስቦ ነው ያደረገው፣ እርግጠኛ ነኝ። ሁለተኛው ቃል ደረሰኝ የሚለው ነበር። እኔ በቀን አሥር ጊዜ «ሪሲፕት» እላለሁ። ለካ «ሪሲት» ነው፣ ፒዋ ለጌጥ ናት! መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ደስ ይለኝ ነበር። ቲቸር «እንግዶቹ ሪሲፕት ስትያቸው ምን ያደርጋሉ?» አለኝ። አሰብኩ። ደረሰኙን ተቀብለው ይሄዳሉ። አንዱም ሳቀብኝ አላውቅም። «እንግዲያው ስድስት ዓመት ስትግባቢ ነበር» አለኝ። ይኼን ከሞጁሉ በላይ እይዘዋለሁ።

እንዲህ የሚያደርገን ፊደላችን ነው፤ በጣም ታማኝ ነው። «ካ» ከተጻፈ «ካ» ነው፣ አለቀ። እንግሊዝኛ የሚጽፈውን አይናገርም፣ የሚናገረውን አይጽፍም። አምስት አናባቢ ፊደል ይዞ ሃያ አካባቢ የአናባቢ ድምፅ ያወጣል፤ እኛ ከግዕዝ እስከ ሳብዕ ሰባት ብቻ ነን። ለነገሩ እኛም ንጹሕ አይደለንም። የበዓሉን «ገና» እና «ገና ነው» የምንለውን «ገና» እኩል ጽፈን አንዱን አጥብቀን አንዱን አላልተን እናነባለን፤ አማርኛ የሚማር ፈረንጅ እዚያ ላይ ያለቅሳል።

ገንዘቤን የመለሰልኝ ግን የሙዙ ቀን ነው። ቲቸር እንግሊዝኛ ውስጥ ከሁሉም በላይ የሚደጋገመው አናባቢ የቱ ነው ብሎ ጠየቀ። አንዱ ኤ አለ፣ አንዱ ኢ አለ። ቲቸር ቦርዱ ላይ «ለ፣ በ፣ ነ» ብሎ ጻፈ። የኛው ግዕዝ! ያችን ድምፅ ልትሆን ትንሽ ነው የሚቀራት። እንግሊዞች ሙዝን «በናነ» ነው የሚሉት። አማርኛ አድርጋችሁ አንብቡት፦ በ፣ ና፣ ነ። መሐል ያለችውን «ና»ን ብቻ ረገጥ አድርጉ፣ ዳርና ዳር ያሉትን ዋጥ። እኛ «ባናና» ስንል ሦስቱንም እኩል እንረግጣለን፤ ለነሱ ጆሮ ወታደር ሰልፍ ሲያልፍ ነው የሚመስላቸው። ካሜራ «ካምረ» ነው። ቲቸር ራሱ «ቲቸ» ነው፤ አሜሪካኖቹ ግን መጨረሻ ላይ ያለችውን አር ያሰሟታል። ያን ቀን በአራዳ በኩል ወደ ቤት ስሄድ በናነ፣ በናነ እያልኩ ነበር። ሙዝ የሚሸጥ ልጅ ቀና ብሎ አየኝ።

ምን አዲስ ነገር አለው ትሉኝ ይሆናል። ለኔ አለው። እስከዚያ ቀን ድረስ እንግሊዝኛ የሚያስፈልገው ሌላ አፍ ነው ብዬ አስብ ነበር፤ ፈረንጅ የሚወለድበት፣ እኔ ያልተሰጠኝ። ለካ ድምፁ ከእናቴ የተማርኩት ውስጥ ነበር፣ ቦታውን ነው ያሳጣሁት። የማይጎድልህን ነገር እንደጎደለህ ስታስብ ነው አፍህ የሚታሰረው። የእውነት የሌለን ድምፅም አለ፤ ጥቂት ነው። ቲቸር እሱንም በኛው ቋንቋ ነው ያስረዳን፦ በእንግሊዝኛ መርከብ (ship) ለማለት ሣልሱን ትንሽ ወደ ሳድስ ሳብ፣ በግ (sheep) ለማለት ሣልሱን ጎተት። ሆቴል ለምንሠራ ይኼ ነፍስ አድን ነው፤ አንሶላ የሚለው የእንግሊዝኛ ቃል ካልተጎተተ ምን ሆኖ እንደሚወጣ የገባችሁ ገብቷችኋል፣ ያልገባችሁ አትጠይቁኝ። 15 እና 50ም እዚያው ሰሞን ተፈታ። 15 ላይ መጨረሻዋን «ቲን» የምትለዋን ረግጠህ ትይዛለህ፣ 50 ላይ መጀመሪያዋን «ፊፍ»ን ረግጠህ ኋለኛዋን ትለቃለህ። እኔ ሁለቱንም እኩል ስረግጥ ነበር። ያቺ መኪና በዚህች ሄደች።

አሁን ወደ ዋናው መልመጃ። «ጻፉት» ነው የሚባለው። አንድ ሰው ወጥቶ አንድ ዓረፍተ ነገር በእንግሊዝኛ ይናገራል፣ ሌሎቻችን የሰማነውን እንጽፋለን፤ ከዚያ ስንት ሰው በትክክል እንደጻፈ ይቆጠራል። ማርክ የለም፣ እርማት የለም። በቃ፣ ስንቱ ሰማህ?

አንድ ቀን ሁለት ሰዎች ተከታትለው ወጡ። አንደኛው አስጎብኚ ለመሆን የሚዘጋጅ ልጅ ነው። ፈጣን ነው፣ ደፋር ነው፣ ከመጣን ቀን ጀምሮ ሁላችንም የቀናንበት። አፄ ፋሲል በፈረንጆች 1632 እንደነገሡ የሚናገረውን እንደ ዳዊት ሸምድዶታል፣ በአንድ ትንፋሽ ለቀቀው። ድምፁ የፊልም ነው። አጨበጨብን። ሲቆጠር በትክክል የጻፍነው አራት ሰዎች ብቻ ነን፤ እኔም ታሪኩን ስለማውቀው ነው እንጂ ሰምቼው አይደለም።

ሁለተኛዋ አንዲት እናት ናቸው። ስልሳን ተሻግረዋል። ልጃቸው አሜሪካ ነው፤ የልጅ ልጆቻቸው አማርኛ አይሰሙም፣ እሳቸው ደግሞ በቪዲዮ ላይ እጅ ከማውለብለብ ያለፈ ነገር እፈልጋለሁ ብለው ነው የተመዘገቡት። ነጠላቸውን አስተካክለው ወጡ። «እማማ፣ ቀስ ብለው ይበሉ» አላቸው ቲቸር። እሳቸው ሌላ ፍጥነትም የላቸው። ለልጅ ልጃቸው የሚሉትን ነው ያሉት፦ ውኃ ጠጣ፣ እንዳይበርድህ ልበስ። «ዋተር» ሲሉ ቲውን በጉንጫቸው ሙሉ «ጠ» አደረጉት። ጎንደሬነቱ እያንዳንዱ ቃል ላይ አለ። ሲቆጠር ሃያ አንዳችንም በትክክል ጽፈናል። ሃያ አንድ! እማማ አፋቸውን በነጠላ ሸፍነው ሳቁ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ማን ይቻላቸው፤ ቲቸር ጥያቄ ሳይጨርስ እጃቸው ይወጣል።

ቲቸር ያኔ ነው ሙንሮና ደርዊንግ ስለሚባሉ ሁለት የካናዳ ምሁራን የነገረን። በፈረንጆች 1995 ባሳተሙት ጥናት የቻይንኛ ተናጋሪዎችን እንግሊዝኛ ለእንግሊዝኛ ተናጋሪዎች አሰሟቸው፤ የሰሙትንም አጻፏቸው። አድማጮቹ አክሰንቱ በጣም ከባድ ነው ያሉትን ንግግር ጭምር ብዙ ጊዜ ቃል በቃል በትክክል ጽፈውታል። አክሰንት ሌላ፣ አለመሰማት ሌላ። ከዚያ በኋላም ጄኒፈር ጄንኪንስ የምትባል ምሁር በፈረንጆች 2000 ይኼን ገፋ አድርጋ፣ የተለያየ አገር ሰዎች በእንግሊዝኛ ሲግባቡ ምላስ በጥርስ መሐል አውጥቶ የሚነገረው ድምፅ ቢሳትም ጉዳት እንደሌለው፣ አናባቢን ማስረዘምና ማሳጠር፣ ዋናውን ቃል መርገጥ ግን ወሳኝ እንደሆነ ጽፋለች አለን። ማለትም «ሳንክዩ» በሉ «ታንክዩ» በሉ፣ ምስጋናው ይደርሳል። አስጎብኚ መሆን የሚፈልገው ልጅ ግን ይኼን ሁሉ ሲሰማ ፊቱ ጠቆረ። አዘንኩለት። ሁለት ወር ሙሉ ስናጨበጭብለት ነበር፣ ማንም «አልሰማሁህም» አላለውም።

እዚህ ጋ ነው ቅሬታዬ የሚጀምረው። ክፍሉ ውስጥ ጭብጨባ በዝቷል። መጀመሪያው ወር ላይ ልክ ነው። እንደኔ የተዘጋ ሰው ሌላ መክፈቻ የለውም፣ አፌን እንድከፍት ያደረገኝ እሱ ነው። ሁለተኛው ወር ላይ ግን ያው «ኤክሰለንት!»፣ ሦስተኛው ወር ላይ ያው «ጎበዝ!»። የምትናገረው ባይሰማም ጎበዝ ነህ። እንዲህ የተገኘ ኮንፊደንስ ደግሞ አይቆይም፤ ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል። የመጀመሪያው ያልገባው ፈረንጅ «ምን አልክ?» ሲልህ ያልቃል። የእማማ ድፍረት ከጭብጨባ አልመጣም፣ ሃያ አንድ ወረቀት ላይ ተጽፎ ስላዩት ነው የመጣው። ለቲቸርም ነግሬዋለሁ። «ጻፉት»ን በሳምንት አንዴ ሳይሆን በየቀኑ አድርገው፣ ጭብጨባውን ቀንሰው አልኩት። ራሱን ነቀነቀ። እስካሁን አልተለወጠም።

ሁለተኛው ቅሬታዬ ረዳት መምህሩ ነው። ዋናው ቲቸር በማይኖርበት ቀን እሱ ይገባል። ልጁ ከኢትዮጵያ ወጥቶ የማያውቅ «አሜሪካዊ» ነው። ቃል በአፍንጫው ነው የሚያወጣው፣ «ዋነ»፣ «ጎነ»፣ በየመሐሉ «ዩ ኖው»። ይሁን፣ አፉ የራሱ ነው። ግን ሰው ሲሳሳት በዚያው አክሰንት ደግሞ እያስመሰለ ሙድ ይይዛል። የሕክምና ተማሪውን አንድ ቀን እንደዚያ አደረገውና ልጁ ሁለት ሳምንት ቀረ። ሁለት ሳምንት! በሦስት ደቂቃ ፎገራ የሁለት ወር ሥራ ተናደ። አንድ ነገር ሁልጊዜ ይገርመኛል። ጥምቀት ላይ አንድ ፈረንጅ «አመሴጋናሎ» ካለ ጎበዝ ብለን እናቅፈዋለን፣ ቪዲዮውን ለዘመድ እንልካለን፤ የራሳችን ልጅ እንግሊዝኛ ላይ አንዲት ድምፅ ሲስት ግን እንግሊዝ የሆንነው እኛ ነን። አንድም ፈረንጅ ያልሳቀበትን ሪሲፕቴን አበሻ ቢሰማው ኖሮ ስም ይወጣልኝ ነበር። ወጥቶልኝም ያውቃል።

የቀረውን ቶሎ ልበለው። 22 ሰው ለአንድ መምህር ብዙ ነው፤ አንድ ሰዓት ተኩል ተቀምጠህ አንተ የምትናገረው ሦስት ደቂቃ ቢሆን ነው። መብራት ሲጠፋ ድምፅ ማጉያው ይሞታል፣ እሱ ግን ጥቅም ነው፤ የካሴት ዘመን ንግግር ከመድገም ያርፋሉ። መጸዳጃ ቤቱ ቁልፍ ጁስ ቤቱ ጋ ነው። የቴሌግራም ግሩፕ አላቸው፣ እሱ በጣም ጥሩ ነው። በየቀኑ አንድ ደቂቃ ድምፅ ቀድቶ መላክ ግዴታ ነው። የመጀመሪያውን ቀን አሥራ አንድ ጊዜ ቀድቼ አሥራ አንድ ጊዜ አጠፋሁት፣ ይኼ የማን ልጅ ድምፅ ነው እያልኩ። ቲቸር ሲያስረዳን፣ ስንናገር ድምፃችን በአየር ብቻ ሳይሆን በራስ ቅላችንም በኩል ወደ ጆሯችን ስለሚገባ ለራሳችን ወፍራም ሆኖ ነው የሚሰማን፤ ቅጂው ላይ ያ ስለሌለ ይቀጥናል። ብዙ ሰው የራሱ ድምፅ ያስጠላዋል አለ። እንግሊዝኛዬ አስጠልቶኝ የመሰለኝ ግማሹ ድምፄ ነው ያስጠላኝ። ክፍያው የከበደው ሰው ይኼን ብቻውን ቤቱ ማድረግ ይችላል። ስልካችሁ ላይ ንግግርን ወደ ጽሑፍ የሚቀይረውን እንግሊዝኛ ላይ አድርጋችሁ አውሩት፤ የማይስቅ «ጻፉት» ማለት ነው። አንዳንዴ እናንተ ልክ ብላችሁ እሱ ይሳሳታል፣ ሁሉን አትመኑት። ሰውን ግን አይተካም። እማማን ያየ ይመሰክራል።

ለማን ይሆናል? እንግሊዝኛ ያውቃል፣ ግን አፉ የታሰረ ሰው ይግባ፣ ሳያቅማማ። ገና ከፊደል ለሚጀምር አይሆንም፣ ይቸገራል። ለአይልትስ (ውጭ አገር ለመማር ለሚጠየቀው የእንግሊዝኛ ፈተና) የምትዘጋጁም ይኼ ብቻ አይበቃችሁም፤ የንግግር ፈተናው ከ11 እስከ 14 ደቂቃ ከፈታኝ ጋር የምታወሩበት ነው፣ እዚህ ያን ያህል ተራ አይደርሳችሁም። የምሥራች ልንገራችሁ ግን፣ እዚያ ድምፅ አወጣጥ ከአራቱ መመዘኛዎች አንዱ ብቻ ነው፣ እሱም ቢሆን እንደ እንግሊዝ ንግሥት አውሩ አይልም፤ ተሰሙ ነው የሚለው።

እኔስ? 44ቱ ታቦት ይመስክሩ፣ አሁንም ስልክ ሲጮኽ ሆዴ ይላወሳል። ባለፈው ሳምንት ግን አንዲት ሴትዮ ደውላ የመኪናውን ዋጋ ጠየቀችኝ። «ቲን»ን ረግጬ 15 አልኳት። ዝም አለች። ድሮ ቢሆን እኔም ዝም ነበር። «አንድ አምስት ነው፣ አምስት ዜሮ አይደለም» አልኳት። ሳቀች፣ እኔም ሳቅኩ። አክሰንቴ ያው ነው። መኪናዋን አዘዘች።

ለአራተኛ ወር ከፍያለሁ። ከመስኮቱ ሥር ያለችው እግሯ የተሰበረች ወንበር ግን ትነሳልኝ፤ ሁለት ጊዜ ጥላኛለች፣ ያውም ዓረፍተ ነገሬን ሳልጨርስ።